ኃያላንን ስለ ማመዛዘን

ሰው ማመዛዘን ይወዳል። በጎጃም መስክ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ትግል ገጥመው አንዱ ሌላውን ሲጥል፣ የወደቀው ልጅ ዝም አይልም። «አባቴ በልጅነቱ ቢሆን አባትህን ይጥለው ነበር» ይላል። ሁለቱ አባቶች በልጅነታቸው ሲታገሉ ያየ ግን ከልጆቹ መካከል አንድም የለም። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። የዋሸራ ተማሪ የዋሸራን መምህራን ያስበልጣል፤ የጎንጅ ተማሪ ደግሞ የጎንጅን መምህራን ያስበልጣል። ሁሉም የራሱን ቤት ያከብራል።

በሩቅ አገር ያሉ ሰዎችም በእንዲህ ያለ ነገር ይከራከራሉ። ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ቦክስ ኃያላን ነው። ቦክስ ማለት ሁለት ሰዎች በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ፣ በዳኛ ፊት፣ በሕግ የሚገጥሙት የቡጢ ግጥሚያ ነው። ተጋጣሚዎቹ በክብደታቸው ይከፈላሉ። ከሁሉ የሚከብዱት ክፍል ከባድ ሚዛን ይባላል፤ የዚህ ክፍል የበላይ የሆነውም የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ ሰዎች፣ «ከጥንቶቹና ከኋለኞቹ ሻምፒዮኖች ማን ይበልጣል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ መመርመር ይገባል፤ በችኰላ የተፈረደ እንደ ሆነ መልስ መስጠት በማይችሉት ላይ ግፍ ይሆናልና። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች፣ በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ሥራው ራሱ በየዘመኑ አንድ እንዳልነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1889 ጆን ሱሊቫን የተባለ አሜሪካዊ ጄክ ኪልሬን ከተባለው ጋራ ያለ ጓንት፣ በባዶ እጁ ገጠመ። በዚያ ሕግ አንድ ዙር የሚያልቀው ከሁለቱ አንዱ ሲወድቅ ነበር። ሱሊቫንም 75 ዙር ታግሦ አሸነፈ። ነገር ግን በ1892 ጓንት አጥልቆ በአዲሱ ሕግ ቢገጥም፣ ጄምስ ኮርቤት በ21ኛው ዙር ጣለው። ከዚያ በኋላ የሻምፒዮና ግጥሚያ ለብዙ ዘመን 15 ዙር ሆነ፤ እያንዳንዱም ዙር ሦስት ደቂቃ ነበረ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ወደ 12 ዙር ተቀነሰ። ጤፍ በቁና ይሰፈራል፤ ሸማ በክንድ ይለካል። ጋቢውን በቁና የሚሰፍር ሰው ቢገኝ የደብረ ማርቆስ ገበያተኛ ሁሉ ይስቅበታል። በ75 ዙር የተፈተነውን ሰው በ12 ዙር ሕግ የሚለካም እንደዚሁ ነው።

«ሁለቱ ፊት ለፊት ቢገጥሙ ነገሩ ይለይ ነበር» የሚል ሰው ይኖራል። እነሆ፣ የአንዱ ዘመን ኃያል ከሌላው ዘመን ኃያል ጋራ በእውነት የተገናኘበት ጊዜ አለ። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ሆኖ ኖረ፤ ማዕረጉንም 25 ጊዜ ገጥሞ አስከበረ። በ1951 ሮኪ ማርሲያኖ የተባለው ጐልማሳ ይህን ሰው በ8ኛው ዙር ዘረረው። ነገር ግን ማርሲያኖ የ28 ዓመት ሰው ሲሆን ሉዊስ 37 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ወደ መድረክም የተመለሰው የመንግሥት ግብር ዕዳ ስለ ከበደው ነው። ማርሲያኖ ካሸነፈ በኋላ አለቀሰ ይባላል። እንዲሁም በ1980 ላሪ ሆምስ በ30 ዓመቱ የ38 ዓመቱን መሐመድ ዓሊን አሸነፈ። በ1988 ደግሞ ሆምስ ራሱ 38 ዓመት ሆኖት ሳለ የ21 ዓመቱ ማይክ ታይሰን በ4ኛው ዙር ዘረረው። ሆምስ በዓሊ ያደረገውን ታይሰን በሆምስ አደረገበት። እንግዲህ በእነዚህ ግጥሚያዎች ያሸነፈው ማን ነው ቢባል፣ ጕልምስና እርጅናን አሸነፈ ከማለት በቀር ሌላ ፍርድ አይገኝም።

ሰዎች በዚህ አላረፉም። በ1969 ማርሲያኖና ዓሊ በፊልም ፊት ተገናኝተው እንደሚገጥሙ ሆነው ተቀረጹ፤ ልዩ ልዩ ፍጻሜም ተዘጋጀ። የማን አሸናፊነት እንደሚታይ ለመለየት የሁለቱ የቀድሞ ሥራ በቍጥር ተጽፎ ለኮምፒዩተር ተሰጠ። ፊልሙ በ1970 በአሜሪካ ሲታይ ማርሲያኖ አሸናፊ ሆነ። እርሱ ግን ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ስለ ነበረ ይህን ድል አላየም። ክርክሩም አላለቀም፤ መኪና ሰዎች የሰጡትን ይደምራል እንጂ ያልሰጡትን አያውቅምና።

ምናልባት ሰዓት ያለበት ሥራ ይሻላል ይባል ይሆናል። ሯጭን ሰዓት ይለካዋል። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ደረሰ፤ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በበርሊን ይህንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠ። ቀነኒሳ በቀለም በ2019 በዚያው ከተማ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ፈጸመ። ሰዓቱን ብቻ ያየ ልጅ፣ «አበበ ዛሬ ቢሮጥ ከኋላ ይቀር ነበር» ይላል።

ይህን የሚል ልጅ የዓባይን መንገድ ያስብ። በቀድሞ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጋዴ በእግርና በበቅሎ ወደ በረሃው ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ብዙ ቀን ተጕዞ ነበር የሚደርስ። ከዚያ በኋላ መንገድ ተጠረገ፤ ድልድይም ተሠራ፤ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ይደርሳል። ፈጥኖ የደረሰው ተሳፋሪ ከዚያ ነጋዴ ይልቅ ብርቱ ነው የሚል ግን የለም። ኃይሌና ቀነኒሳ በእርግጥ ብርቱዎች ናቸው እንጂ ተሳፋሪዎች አይደሉም። ነገር ግን በተጠረገ መንገድ ላይ ሮጡ፤ ከጠረጉትም መካከል የመጀመሪያው አበበ ነበረ። ሰዓት ርቀቱን ይለካል፤ የጠራጊውን ድካም ግን አይለካም።

እንግዲህ ኃያላንን ማመዛዘን ጨርሶ ከንቱ ነውን? አይደለም። እያንዳንዱን በገዛ ዘመኑ አቁሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል።

አንደኛው፣ «ከማን ጋራ ገጠመ? ከማንስ ሸሸ?» የሚለው ነው። ሱሊቫን በዘመኑ ብርቱ ነበረ፤ ዳሩ ግን ከጥቁር ሰው ጋራ ለሻምፒዮንነት አልገጥምም አለ። ከእርሱም በኋላ ያ በር ብዙ ዓመት ተዘግቶ ቆየ። ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን ሻምፒዮኑን ቶሚ በርንስን እስከ አውስትራሊያ ድረስ ተከታትሎ፣ በ1908 በሲድኒ ከተማ አሸንፎ በሩን ከፈተ። አንዳንዱን ሰው ከደጅ አስቀርቶ «ከሁሉ እበልጣለሁ» ያለ ሰው፣ ድሉ የቱንም ያህል ቢበዛ ጕድለት አለበት።

ሁለተኛው፣ «በወደቀ ጊዜ ምን አደረገ?» የሚለው ነው። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ ሳይሸነፍ ሥራውን ተወ፤ ይህ ታላቅ ምስጋና ነው። ሉዊስ ግን በ1936 በጀርመናዊው በማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። በሽንፈቱም አልቀረም፤ በ1938 ይህንኑ ሰው በመጀመሪያው ዙር፣ በ124 ሰከንድ ብቻ ጣለው። ዓሊም ወደ ጦርነት አልሄድም ስላለ ማዕረጉን በ1967 ተገፍፎ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከመድረክ ታገደ። በ1974 ግን በኪንሻሳ ከተማ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘርሮ ማዕረጉን መለሰ፤ በ1978ም ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ያልወደቀ ሰው ብርታቱን ያሳያል፤ ወድቆ የተነሣ ሰው ደግሞ ልቡን ያሳያል።

ሦስተኛው፣ «ብርታቱ ለሌላው ምን ጠቀመ?» የሚለው ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ልጆች ቅርብ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በሰኔ 18 ቀን ጆ ሉዊስ በኒው ዮርክ ከኢጣልያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋራ ገጠመ። ካርኔራ የቀድሞ ሻምፒዮን፣ ከሉዊስም ወደ 30 ኪሎ የሚከብድ ግዙፍ ሰው ነበረ። በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን እንደ ሙሶሊኒ አድርገው ተመለከቱ። ሉዊስ ግዙፉን በ6ኛው ዙር በጣለው ጊዜ ደስታቸው ታላቅ ሆነ። እውነት ነው፣ የአንድ ሰው ቡጢ ጦርነትን አያስቀርም፤ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ተሻገረ። ጎጃምም እንደ ሌላው አገር ሁሉ አምስት ዓመት በዱር በገደል ተዋጋ። ቢሆንም፣ ደካማ የተባለ ግዙፉን ሊጥል እንደሚችል በዚያች ሌሊት ብዙዎች በዓይናቸው አዩ። የተጨነቀን ልብ ማጽናት ከማዕረግ ቀበቶ ይበልጣል።

በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚመዝን ሰው ለሁሉ የሚሆን አንድ ዘውድ አያገኝም። ለጆንሰን በር መክፈትን፣ ለማርሲያኖ አለመሸነፍን፣ ለዓሊ መመለስን፣ ለሉዊስ ደግሞ በረጅም ዘመን መጽናትንና ለተጨነቁት ደስታ መሆንን ይሰጣል። አንዱን ለማመስገን ሌላውን መስደብ አያስፈልገውም።

ልጆች ሆይ፣ ከአባቶቻችሁ ይልቅ ፈጥናችሁ ብታነቡ፣ አባቶቻችሁ ሰነፎች ነበሩ አትበሉ፤ ሌሊት በኵራዝ ብርሃን፣ በቍራሽ እንጀራ ተምረዋልና። ደግሞም አባቶቻችን ታላላቆች ነበሩ እያላችሁ እናንተ አትስነፉ። እነርሱ የዘመናቸውን ዳገት ወጥተዋል፤ የእናንተ ዳገት ገና ከፊታችሁ ነው።