ወንድሜ በ24 ቀን ይበልጠኛል

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ አንድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሳሎናችን ወለል ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ታናሽ ወንድሜ በ24 ቀን እንደሚበልጠኝ ደረስኩበት።

አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። እሱ ሲወለድ እኔ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነበር። እማዬ እንጀራ ስትጋግር ጀርባዬ ላይ በነጠላ ታስርልኛለች፤ እኔም እሱን አዝዬ ደጃችን ላይ ሱዚ እዘላለሁ። አሁን 24 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱም በሁለት ጭንቅላት ይበልጠኛል። በዕድሜ ይበልጠኛል ብሎ ግን ማንም አስቦ አያውቅም።

የልደት ምስክር ወረቀቱ በአማርኛው በኩል 28/10/1993 ይላል። ሰኔ 28 ማለት ነው፤ ልክ ነው። እንግሊዝኛውን የሞላው ሰው ግን ቁጥሩን ሳይመልስ እንዳለ ገለበጠውና ኦክቶበር 28 ቀን 1993 አደረገው። እኔ የተወለድኩት ኅዳር 12 ቀን 1986 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1993። በወረቀቱ ከሄድን እማዬ እሱን ወልዳ፣ በ24ኛው ቀን እኔን ደግማለች። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ጁላይ 5 ቀን 2001 ተብሎ በትክክል ተጽፏል። አንድ ልጅ ሁለት ልደት አለው ማለት ነው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ወንድሜ ግን አንድ የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎት የጥናት ፈቃድ ልናመለክት ነበር። ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ክፍያና የመኖሪያውን ከፊል እንደሚሸፍን ጽፎለታል፤ የቀረውን የምንችለው እኔና ባለቤቴ ነን። ስለዚህ እህቱ መሆኔን በወረቀት ማሳየት አለብኝ። የሁለታችን የልደት ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ የሚያየው ሰው የሚያስበው ስለ ዘመን አቆጣጠር አይደለም። ውሸታሞች ናቸው ነው የሚለው።

ያደግነው አማኑኤል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ "ከአማኑኤል ነው የመጣሁት" ስል ሰው ሁሉ ሆስፒታሉ ትዝ ይለውና ፈገግ ይላል። እኛ አገር አማኑኤል ከተማ ነው፤ ደብረ ማርቆስን አልፈው ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ያገኙታል። አባዬ ገበሬ ነው። እናትና አባቴ ወረቀት የሚባል ነገር ያላቸው አንድ ነው፤ የመሬት ይዞታ ደብተር። እሱም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይኖራል። የቀረው ሁሉ፣ ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን ለማን ምን እንዳበደረ፣ በቃልና በሰው ፊት ነው የሚኖረው።

ወረቀቱን ያየ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "ቀላል ነው" አለኝ። አዲስ የልደት ወረቀት በሦስት ቀን ይሠራል። የባንክ ሂሳባችንም ያንሳል፤ ለአራት ወር የሚቀመጥ ገንዘብ በኮሚሽን ይገባልናል፣ ከዚያ ይወጣል። "ሁሉም የሚያደርገው ነው" ሲል ድምፁ የሚያጽናና ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ማታ አላንገራገርኩም። የገበያ ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ ዕቃን ካለው በላይ አሳምሮ ማቅረብ እንጀራዬ ነው። ባለቤቴ ነው ያስቆመኝ። "ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘበት አምስት ዓመት ይታገዳል። የሚታገደው አንቺ አይደለሽም፣ ልጁ ነው" አለኝ።

በዚያ ላይ ገንዘቡ ራሱ ቆሞ አልጠበቀንም። ስንጀምር አንድ ተማሪ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ውጭ ለአንድ ዓመት መኖሪያ ማሳየት ያለበት 20,635 የካናዳ ዶላር ነበር። ከነሐሴ 26 ቀን 2017 ጀምሮ 22,895 ሆነ። ለኮንዶሚኒየም ብለን ያጠራቀምነውን ቆጠርነው። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ካልኩሌተሩን ብቻ ገልብጦ አስቀመጠው። የማመልከቻውን 150 ዶላርና የአሻራውን 85 ዶላር ቶሮንቶ ያለ የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልን።

አባዬ ይህን ሲሰማ ባሕር ዛፉን ሸጠና 180 ሺህ ብር ላከ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ባንክ ደብተር ላይ በአንድ ቀን ዱብ ያለ ገንዘብ የሚያስጠረጥር ነው፣ ደረሰኝ ደግሞ የለውም። "አባዬ፣ ሰውየው ደረሰኝ ይስጥህ" ብለው፣ "ሦስት ሰው ፊት ተፈራርመናል፣ ምን ደረሰኝ ትያለሽ?" አለኝ። ተቆጣ። ውሉ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው፤ የዛፉ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ሦስት ምስክሮች፣ አንደኛው በአውራ ጣቱ። ፈቃድ ባለው የትርጉም ቤት አስተረጎምኩትና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽፌ አያያዝኩት። ከምንም ሰነዳችን ይልቅ አሁን የምተማመነው በዚያ ወረቀት ነው።

የልደቱን ነገር የጨረሰችው እማዬ ናት። እኔ እንዳልሄድ መንገዱ አይታመንም፤ ስልክም በሚሠራባቸው ቀናት ብቻ ነው የምናወራው። ስሕተቱ ይታረም ብለን ስናመለክት ማስረጃ ተባልን። እማዬ የልጆቿን ልደት የምታውቀው በበዓል ነው፤ እኔ የኅዳር ሚካኤል፣ እሱ የሰኔ አማኑኤል። "ክርስትናውስ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"በፍልሰታ ጾም ነዋ! ዶሮ እንኳ ሳይታረድ በሽሮ ነው የሸኘሁት እንግዳውን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40ኛው ቀን ነው። ከሰኔ 28 ተነስቼ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ነሐሴ 7፣ ፍልሰታ እኩሌታ። የኦክቶበሩ ልጅ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው ኅዳር ላይ ይውል ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የክርስትና ካርድም ሳጥኑ ውስጥ ከመሬት ደብተሩ ጋር ተገኘ፤ ነሐሴ 7 ቀን 1993 ይላል። እማዬ ካርዱንና ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ቀርባ፣ በሦስተኛው ምልልስ የታረመ ወረቀት ተሰጣት።

አንድ ነገር ቀረ፤ ለምን መማር እንደፈለገ የሚያስረዳው ደብዳቤ። እኔ ጻፍኩለት። ሁለት ሌሊት ለፋሁበት፤ "ዓለም አቀፍ ተወዳዳሪነት" እና "የአመራር ክህሎት" የሚሉ ቃላት ነበሩበት። አነበበውና ዝም አለ።

"እትዬ፣ ጥሩ ነው። ግን ይህን ልጅ አላውቀውም።"

ተቀየምኩ፣ ግን "እስቲ አንተ ጻፍ" አልኩት። እሱ የጻፈው ስለ አባዬ ማሳ ነው። የሚያጠናው የአፈር ሳይንስ ነው። የእኛ አካባቢ አፈር አሲዳማነቱ እየበረታ፣ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ስንዴና ገብስ እንደ ድሮው አይሰጥም፤ ኖራ ይፈልጋል። አባዬ የላይኛው ማሳ እንቢ ሲለው ነው ባሕር ዛፍ የተከለበት። ወንድሜ የጻፈው ይህን ነው፤ ያ ማሳ ለምን እንቢ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ እዚያው እሠራለሁ። አባዬ የሸጠው ባሕር ዛፍ ከዚያው ማሳ የተቆረጠ መሆኑን ያስተዋልኩት ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ሳስቀምጥ ነው። ከደብዳቤው የነካሁት ሁለት የፊደል ስሕተት ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ አስገባን። አሻራ ሊሰጥ አዲስ አበባ ሲመጣ እኛ ጋ አደረ። ማለዳ ሊወጣ ሲል፣ ያን ሰሞን ሁሉ "ታላቅሽ ነኝ፣ ተነሺልኝ" እያለ ሲያሾፍብኝ የቆየው ልጅ፣ ጉልበቴን ሳመኝ። መልሱ ገና አልመጣም፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ገንዘብም እንደተቀመጠ ነው፤ አንነካውም።

እማዬ በየሳምንቱ ትደውላለች። ቪዛ መጣ ወይ ብላ አትጠይቅም። "ያ የሚያየው ፈረንጅ" ትለኛለች፣ "የፍልሰታው ነገር ገባው ይሆን?"