ያው ምስር፣ ያው ሳህን

ፍራንክፈርት ላይ ሥጋ አልበላም፣ ወተትም አልጠጣም ቢሉ ማንም አይገረምም። «ለአየር ንብረቱ ብዬ ነው» ካሉማ ይመሰገናሉ። አንዲት የማውቃት ነርስ በሁዳዴ ምስር ወጧን ከፍታ ስትበላ ባልደረቦቿ «ጎበዝ!» ይሏት ነበር። «ጾም ነው፣ ለእግዚአብሔር» ያለች ዕለት ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ማን አስገድዶሽ ነው?» አሏት። ያው ምስር፣ ያው ሳህን!

ክፋት የለባቸውም። እምነት ከጓዳ አይውጣ ተብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ሕጉማ ከጥንትም ከእሷ ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1848 እዚሁ ከተማ፣ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሰበሰበው ምክር ቤት የእምነትና የኅሊና ነፃነትን አውጇል። ምን ዋጋ አለው፣ የቡና ሰዓት ወሬ አዋጅ አይሰማም!

የቀኑ ነገር ደግሞ አለ። በ2016 ዓ.ም. የጀርመኖቹ ስቅለት መጋቢት 20 ዋለ። ሥራ ዝግ፣ ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ግዛት ሕግ ጭፈራ ክልክል። ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቀውም ቢሆን ዕረፍቱን አልመለሰም። የእኛ ሚያዝያ 25 ነበር፤ ተራ የሥራ ዓርብ። በዚያ ላይ አንዱ ልደቱ ኖሮ ኬክ ይዞ መጣ። እሷ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። «አንድ ቁራሽ ምን ያደርግሻል?» ሲሏት ሣቅ ብላ የአልጋ አንሶላ ልትቀይር ወጣች።

ለፋሲካዋ ግን ቀድማ ተዘጋጅታለች፤ የጀርመኖቹን በዓል ሙሉውን ተረኛ ሆና ሠርታላቸው፣ በለውጡ የእኛን እሑድ ወሰደች። ያን ጊዜ በሃይማኖቷ ቅር ያለው አንድም ሰው አልነበረም።