የማማው መንገድ

አጎቴ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ሲቀሰቅሰኝ ስሜን አይጠራም። የእግሬን አውራ ጣት ጨበጥ ያደርጋታል፤ በቃ። እኔም ብዙ ጊዜ ቀድሜ ነቅቼ፣ ጣቴን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ነበር የምጠብቀው።

ከአቦምሳ ወጣ ብሎ፣ የአርባ ጉጉ ተራራ ወደ ቆላው በሚወርድበት በኩል የማሽላ ማሳ ነበረው። ማሳው ዳር በአራት እንጨት የቆመ፣ ሣር የለበሰ ማማ አለ። ቀን ቀን ማማው የእኛ የልጆቹ ነው፤ ወንጭፍ ይዘን ከወፍና ከዝንጀሮ ጋር ስንጨቃጨቅ፣ ጥንቅሽ ስንመጥ እንውላለን። ሌሊቱ ግን የአዋቂ ነው። ጃርትና የዱር አሳማ በጨለማ ይመጣሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ከጫካው ጫፍ ድኩላ ብቅ ይላል። አጎቴ አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ፣ ጠመንጃው የሚወለወለው ለአሳማው አልነበረም። በ1972 ዓ.ም. የወጣው የደንና የዱር አራዊት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ማሽላ ልጠብቅ ነው» ይል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ አንዳንድ ቀን ጥበቃው በጥብስ ያልቃል እንጂ።

መንገዱ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ሕጉ ሦስት ነበር፦ አታውራ፣ መብራት አታብራ፣ እኔ የረገጥኩበትን ርገጥ። ጀርባውን እንኳ አላየውም፤ የምከተለው የጋቢውን የጭስ ሽታ ነው። ቀስ በቀስ እግር ራሱ ማየት ይጀምራል። ከእግር በታች አቧራው ሲለሰልስ የከብት መሄጃው ላይ ነን፤ ጠጠር ሲመጣ ወንዙ ቀርቧል፤ ቁርጭምጭሚትን ቅዝቃዜ ሲይዛት ውኃው እዚሁ ነው።

አንድ ሌሊት ግን ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ከቤት ሰርቄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ወንዙን እንደተሻገርን ጅብ ቅርባችን ጮኸ፤ እጄ ሳላዘው ቁልፏን ገፋት። ዓለሙ ሁሉ ነጭ ሆነ። ዱላ ጠበቅኩ።

«አጥፋው» አለ ረጋ ብሎ። «አሁን ሁለታችንም ዕውር ነን። ተቀመጥ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ዓይን ከብርሃን በኋላ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅበት ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አጎቴ መጽሐፉን ሳያይ ልክ ያንን ያህል አስቀመጠኝ። መጀመሪያ የተራራው ጠርዝ ተመለሰ። ቀጥሎ ነጫጭ ድንጋዮች። ቀጥሎ ጋቢው፤ ብቻውን የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ጭንቅላቱ በኋላ መጣለት።

በመሐሉ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ። «በጣትህ ዳብሰው። ቀንዱ ይሰማሃል?» ቢጫዋ ዐሥር ሳንቲም ነበረች፤ 1969 የሚል የተጻፈባት፣ በአንድ ገጿ አንበሳ፣ በሌላው የደጋ አጋዘን። «እሱ ከላይ ነው ያለው፣ ብርዱ ውስጥ። የእኛ ድኩላ የሱ ድሃ ዘመድ ነው» አለኝ። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች ሁሉ መጨረሻ ላይ በሳይንስ ስም የወጣለትም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910፣ በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ገድሎ ከላከው በኋላ። የአርሲ እረኛ ስሙን ለመጥራት እስከዚያ የጠበቀ አይመስለኝም።

ማማው ላይ የደረስነው ከነጋ ነው። ድኩላው መጥቶ ሄዷል፤ ኮቴው እርጥብ አፈር ላይ ነበር። አጎቴ በማን ጥፋት እንደሆነ ለማንም አልተናገረም።

ባለፈው ኅዳር ወደ አቦምሳ ሄጄ ነበር። አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። ዐሥር ሳንቲም ለባለሱቅ ብትሰጡት ቀና ብሎ ያያችኋል፤ አጋዘኑ ግን በዶላር ሆኗል። አርባ ጉጉ ላይ ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ወንድ አጋዘን ለመግደል የውጭ አዳኝ ለፈቃዱ ብቻ ከዐሥር ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ሻይ ቤት ያገኘሁት መንገድ መሪ እንዳጫወተኝ፣ ፈረንጁ ሌሊት ሲወጣ ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት ያስራል፤ ቀይ ብርሃን የጨለማ ዓይንን አያጠፋም ተብሎ። «አንተስ?» ብለው «እኔማ ከፊት ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» አለኝ። አጎቴን ያገኘሁት መሰለኝ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ማማውን እንዲያሳየኝ የአጎቴን የልጅ ልጅ ለመንኩት። በስልኩ መብራት እየመራኝ ከተማውን ለቀቅ እንዳልን፣ ልቤ ሞቅ አለና «አጥፋው» አልኩት።

አጠፋ። ጨዋ ልጅ ነው። ቆምን።

«ጋሼ፣ ለስንት ደቂቃ ነው?»

«ግማሽ ሰዓት።»

ዝም አለ። ከኋላችን የባጃጅ መብራት መጥቶ መንገዱን ላሰውና አለፈ፤ እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ትዕግሥቴ ሲያልቅ እግሬን አምኜ ተራመድኩ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጉልበቴ ከድንጋይ ጋር ተገናኘ። የማውቀው የከብት መሄጃ እዚያ አልነበረም፤ ወይም እግሬ ረስቶታል።

«አብራው» አልኩ፤ በአጎቴ ድምፅ ሳይሆን በራሴ።

ማማው ቆሟል፤ ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። ሁለት ልጆች ወጥተው ፊታቸው በስልክ ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል።

«ኔትወርኩ እዚህ ላይ አሪፍ ነው» አለኝ ልጁ፣ ሊወጣ መሰላሉን እየያዘ።

ከሥራቸው፣ ማሽላው ውስጥ፣ አንድ ነገር ቀስ እያለ አገዳ ይሰብራል።