በዛብህን የወደደው ልጅ

ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ። ከሁለቱም መካከል ያልተወራረደ አንድ ሒሳብ አለብኝ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ልጽፈው ደፈርሁ። ባለታሪኩን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ለውጫለሁ። እኔን የሚወቅሰውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ያደግሁት አንጋጫ ነው። በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል ያለች፣ የሀምበሪቾ ተራራ የሚያያት ከተማ ናት። በቤታችን ከምባትኛ እንናገራለን፤ ልቦለድ የምናነበው ግን በአማርኛ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንዱን መጽሐፍ ለሁለት እናነብ ነበር። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሲደርሰን ገጾቹ በክር ተሰፍተው ነበር። ቀጥሎ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጣ። አባቴ መጽሐፉን በእጄ ሲያየው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማበትን ዘመን አስታውሶ ዝም አለ።

እስቲ አስቡት። ማንኩሳንና ዲማን በካርታ እንኳ የማናውቅ ሁለት ልጆች፣ እንሰት ጓሮ ውስጥ ተቀምጠን፣ ለጎጃም ሰዎች አለቀስን። በዛብህ የድኻ ገበሬ ልጅ፣ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ። ዘር ለያያቸው፤ ልማድ ከለከላቸው። እኛ ግን ከልማዱ ጋር አልቆምንም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ፣ ሰው ሁሉ «አይሆንም» ያለውን ፍቅር «ለምን አይሆንም?» ብለን እንድንጠይቅ አደረገን። እብድ ነው የተባለውን ጉዱ ካሳንም ከሁሉ ይልቅ ጤነኛው እርሱ ነው ብለን አመንን።

አንድ ቀን ሲመሽ መጽሐፉን አጥፌ፣ «ሰብለን የመሰለች ሴት የት ትገኛለች?» አልሁት።

ጓደኛዬ መሬት መሬት ያይ ነበር። «አንተ ሰብለን ትወዳለህ። እኔ ሳነብ ሁልጊዜ የምወደው በዛብህን ነው» አለኝ።

መጀመሪያ ሣቅሁ። እርሱ አልሣቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀልድ እንዳልሆነ፣ ከልጅነቱም ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ነገረኝ። ለማንም እንዳልተናገረው፣ ለእኔ የነገረኝም አብረን ስላለቀስን እንደሆነ ጨመረ።

ምን ብዬ መለስሁለት መሰላችሁ? «ተው፤ ይህ ነገር በእኛ አገር የለም።»

ያ ብቻ ነው። አልሰደብሁትም፣ ለማንም አልተናገርሁበትም። ሆኖም ያን ምሽት መጽሐፉን ይዞልኝ እንዲሄድ ስሰጠው፣ «አንተ ጨርሰው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ አብረን አላነበብንም። እኔም ብቻውን ሳገኘው መንገድ መቀየር ጀመርሁ።

ያችን ዐረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣኋት ብዙ አስቤያለሁ። የራሴ አልነበረችም። በዚያን ጊዜ እጃችን በገቡ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ሰው የሚታየው ሕፃናትን የሚያጠምድ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታ ሆኖ ነበር። በወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 ላይ ተጽፎ ነበር፤ ዛሬም አለ። በልቦለድ ውስጥ ግን እናት ያለው፣ ፈተና የሚፈራ፣ ዝናብ የሚመታው፣ በሰው ፍቅር እንቅልፍ የሚያጣ እንዲህ ያለ ልጅ አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጓደኛዬ ሲናገር የሰማሁት የጋዜጣውን ጭራቅ እንጂ ጓደኛዬን አልነበረም።

ጓደኛዬ ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ እንደ ብዙዎቹ የከምባታና የሐዲያ ወጣቶች፣ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሰው ሁሉ ገንዘብ ፍለጋ ነው አለ። ያች አገር በ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከአድልዎ እንዲጠብቅ አድርጋለች፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋብቻቸውን ፈቅዳለች። ሲሄድ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። በኋላ ሲጽፍልኝ ግን፣ «ከሱቁ ውጭ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከሱቁ ውስጥ ግን አንጋጫ ነው» አለኝ። አብረውት የሚሠሩትና የሚያድሩት የአገሩ ልጆች ናቸውና።

እናቱ የላከላትን ገንዘብ ለመቀበል እኔ ወዳለሁበት መስኮት ትመጣለች። ብሩን ቆጥሬ ስሰጣት ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች፦ «ልጄ፣ አንተ ጓደኛው ነህ። እባክህ አግባ በለው። ምን ይጠብቃል?» እኔም፣ «እሺ እማማ፣ እነግረዋለሁ» እላታለሁ። ከኋላዋ ሰልፍ አለ። ሁለት ጊዜ የቆጠርሁት ብር ልክ ነው፤ የተናገርሁት ቃል ግን ጎዶሎ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጓደኛዬ በስልኬ የአንድ መጽሐፍ ሽፋን ላከልኝ። የናይጄሪያዊቷ የቺኔሎ ኦክፓራንታ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ልቦለድ ነው። ኢጄኦማ የምትባል ልጅ በቢያፍራ ጦርነት ዘመን ሌላ ልጃገረድ ትወዳለች፤ እናቷ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ልትመልሳት ትሞክራለች። «እናቷ የእኔን እናት ትመስላለች» ሲል ጻፈልኝ። ቀጠለና፣ «ይህ መጽሐፍ ያኔ ኖሮ ቢሆን ለራሴ አላስቀረውም ነበር። ለአንተ ነበር የምሰጥህ» አለኝ።

ይህችን መልእክት ካነበብሁ ወዲህ ነገሩን የማየው በሌላ ዓይን ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. የልጆች መጽሐፍ መስተዋትም መስኮትም ነው ብላ ጽፋለች። መስተዋት ሲሆን ልጁ ራሱን ያይበታል፤ መስኮት ሲሆን ጎረቤቱ እርሱን ያይበታል። ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር የምናስበው ስለ መስተዋቱ ብቻ ነው። ጓደኛዬ መስተዋት አጥቶ ነበር፤ እውነት ነው። መስኮት ያጣሁት ግን እኔ ነኝ። እርሱ ማንነቱን ያለ መጽሐፍም ያውቅ ነበር። መልስ የጠፋኝ እኔ ነበርሁ።

«እንዲህ ያለ ልቦለድ ልጆችን ያስተምራል፣ ይለውጣል» የሚሉ አሉ። ጓደኛዬ ያነበበው እኔ ያነበብሁትን ነው፤ ሁሉም የወንድና የሴት ፍቅር ነበር። መጽሐፍ ልብን የሚለውጥ ቢሆን ኖሮ እርሱም እንደ እኔ ሰብለን በወደደ ነበር። መጽሐፍ የምንወደውን ሰው አይመርጥልንም። የሰው ሕመም ሲነገረን እንዴት እንደምንሰማ ግን ያለማምደናል።

በሌሎች አገሮችም ቢሆን ነገሩ በቀላሉ አልተገኘም። ናንሲ ጋርደን ስለ ሁለት ልጃገረዶች ፍቅር ለወጣቶች የጻፈችው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የታተመው ልቦለድ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በካንሳስ ሲቲ ተቃጥሏል። በ1995 እ.ኤ.አ. ግን አንድ ዳኛ ወደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲመለስ ፈርዷል። ከእኛው አካባቢ ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒዬኮ በሁለት ልጃገረዶች ፍቅር ላይ በጻፈችው አጭር ልቦለድ በ2007 እ.ኤ.አ. የኬን ሽልማትን አገኘች። ከዚያ ታሪክ የተወለደው «ራፊኪ» የተሰኘው ፊልም በ2018 እ.ኤ.አ. ካን ላይ ሲታይ በአገሩ በኬንያ ታግዶ ነበር። ራፊኪ በስዋሂሊ ጓደኛ ማለት ነው።

በአገራችን ምሁራን ጉዳዩን አጥንተውታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ አንዱ ነው። ነገር ግን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የጥናት መጽሔት አያነብም። የሚያነበው በክር የተሰፋ «ሰመመን» ነው። ዛሬ ደግሞ ቲክቶክ ያያል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በዚያው መድረክ የሰዎች ፊት እየተለጠፈ «ደብድቧቸው» ሲባል ሰንብቷል፤ በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ አስተዳደርም በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን አስታውቋል። ታሪክ ያልያዘውን ቦታ ወሬ ይይዘዋል።

የማንንም እምነት ልንቀፍ አልተነሣሁም፤ እኔም እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የምሄድ ሰው ነኝ። የምለው ስለ ልቦለድ ነው። አማርኛ አንድ ጊዜ አገር ሙሉ ለተከለከለ ፍቅር እንዲያለቅስ ማድረግ ችሏል፤ ችሎታው አለው።

በከተማ ያሉ እንደ ጓደኛዬ ያሉ ሰዎች በመካከላቸው ራሳቸውን «ዜጋ» ብለው ይጠራሉ። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማው ከበደኝ። ዜጋ ማለት አገር ያለው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ለዚያ ልጅ «በእኛ አገር የለም» ብዬዋለሁ።

ባለፈው ወር እናቱ እንደ ልማዷ ወደ መስኮቴ መጥታ፣ «አግባ በለው» አለችኝ። በዚህ ጊዜ «እሺ» አላልሁም። «እማማ፣ ልጅዎ ደግ ሰው ነው። እንዳለ ይውደዱት» አልኋት። ትንሽ አየችኝና ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ ሄደች። የገባት አይመስለኝም፤ ወይም ገብቷታል። ማታ ለጓደኛዬ ይህን ጻፍሁለት፦

በማላውቀው አገር ለሞተ አልቅሼ፣
ወዳጄን ከደጄ ሸኘሁት መልሼ።
አንድ ገጽ ቢኖረው፣ አንድ መስመር ስሙ፣
ጆሮዬም ባልሸሸ ሲያወራኝ ከሕልሙ።