ለሥራ የሚሆን አንድ ክፍል



በየቤታችን ሳሎን በሚያምር የዐረብኛ ኸጥ የተጻፈ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናያለን። ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ አለ፤ ዋጋውን የሚጠይቅም አይጠፋም። የት ተቀምጦ ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ይህችን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳን ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

እኛ በአዲስ አበባ የምንኖር ሁለት እህትማማቾች ነን። በኮምፔንሳቶና በሸራ ላይ ኸጥ እንጽፋለን፤ ሐረግና ጌጥ እንሥላለን። ነፍስ ያላቸውን ፍጡራን ስለመሣል ያለውን ጉዳይ ለዑለማዎች እንተወውና፣ የእኛ ሥራ ፊደልና ቅጠል ነው። ባለፉት ስድስት ዓመታት አራት ክፍል ተከራይተን አራቱንም ለቀናል። ከመጀመሪያው ያስወጣን የቀለምና የአኳራጅ ሽታ ነበር፤ አከራያችን ሕፃናት ልጆች ነበሯትና አልተቀየምናትም። ሁለተኛው ጣሪያው ያፈስ ስለነበር በአንድ ክረምት የሦስት ወር ልፋታችንን አበላሸብን። ሦስተኛውና አራተኛው እንከን አልነበራቸውም፤ ኪራያቸው ግን ከሰሌዳዎቻችን ሽያጭ በላይ ሆነ። አሁን የምንሠራው በእናታችን ማዕድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያልደረቀውን ሰሌዳ አንስተን ቁም ሳጥን ላይ እናወጣለን። እናታችን አንድም ቀን ተማርራ አታውቅም። እኛ ግን ትልቅ ሰሌዳ መጻፍ ከተውን ሁለት ዓመት ሆነን። ለካ የቦታ እጦት ሥራን ብቻ ሳይሆን ሐሳብንም ያሳንሳል!

ሌሎች ምን አደረጉ?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። በ1900 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያበቃ፣ አልፍሬድ ቡሼ የተባለ ቀራፂ ከኤግዚቢሽኑ አዳራሾች አንዱን፣ ጉስታቭ ኤፌል የነደፈውን የብረት ግንባታ ገዝቶ በከተማዋ ዳር አስተከለው። ክብ ቅርፅ ያለውን ቤት በትናንሽ ክፍሎች ከፋፈለውና በ1902 ለሠዓልያንና ለቀራፂዎች ከፈተው። ስሙም «ላ ሩሽ»፣ ማለትም «ቀፎው» ተባለ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ ቡሼም ኪራይ የዘገየበትን ሰው አያስጨንቅም ነበር። ከሩሲያ ግዛት በድህነት የመጡት ማርክ ሻጋልና ሻይም ሱቲን በዚያ ሠርተዋል። ክፍሎቹ ምቾት አልነበራቸውም፤ ብርሃንና የሚዘጋ በር ግን ነበራቸው።

ይሁንና ቡሼ በ1934 ሞተ። ቤቱ እያረጀ ሄደና በ1960ዎቹ መጨረሻ ሊሸጥና ሊፈርስ ተቃረበ። ሠዓልያንና ደጋፊዎቻቸው ተሟግተው፣ የሚገዛውም ለጋስ ተገኝቶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳነ። ዛሬም አርቲስቶች ይሠሩበታል።

በለንደንም እንዲሁ ሠዓልያኑ ብሪጅት ራይሊና ፒተር ሴጅሊ በ1968 «ስፔስ» የተባለውን ድርጅት መሥርተው፣ በቅዱስ ካትሪን ወደብ ሥራ የፈቱ መጋዘኖችን ለባልደረቦቻቸው ስቱዲዮ አደረጉ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ቦታው ለአዲስ ግንባታ ተፈለገ፤ ሠዓልያኑም ለቀው ወጡ። ድርጅቱ ሌሎች ሕንፃዎችን ፈልጎ እስካሁን ዘልቋል።

ከእነዚህ ምን እንማራለን? ደግ አከራይ ይሞታል፤ ባዶ መጋዘንም አንድ ቀን ገዢ ያገኛል። ርካሽ ኪራይ የሚዘልቀው ቤቱ ከገበያ ሲወጣ ብቻ ነው።

መፍትሔው በእጃችን ነው

እንግዲህ ከገበያ የወጣ ቤት ማለት ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስም አድርገው ወቅፍ እንዳደረጉት እናውቃለን። ካይሮ የሚገኘውን የሱልጣን ቃንሱህ አል-ጉሪን ወካላ እንመልከት። ከ1504 እስከ 1505 የተሠራ የነጋዴ ማረፊያ ነው፤ ታችኛው ለዕቃ፣ ላይኛው ለእንግዶች ነበር። ሱልጣኑ ካሠሯቸውና ወቅፍ ካደረጓቸው ሕንፃዎች አንዱ ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ የግብፅ የባህል ሚኒስቴር ክፍሎቹን ለአርቲስቶችና ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎች መሥሪያ አደረጋቸው። ነጋዴ ያሳደረ ክፍል ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ብሩሽ የያዘ ሰው አስጠለለ።

ብዙዎቹ መስጊዶቻችን ሱቅ ሠርተው እያከራዩ ይተዳደራሉ። ሱቁ ይቅር አንልም፤ ገቢው ያስፈልጋል። ነገር ግን ገበያተኛ የማይወጣበት የላይኛው ፎቅ ወይም ከኋላ ያለ መጋዘን ባዶውን ሲቀመጥ እናያለን። በየሰፈሩም ዕቃ የታጨቀበት ሰርቪስ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ሞልተዋል። ስቱዲዮ ኮርኒስና ሴራሚክ አያሻውም። የማያፈስ ጣሪያ፣ የሚከፈት መስኮት፣ ውኃ፣ መብራትና ቁልፍ ይበቁታል። አራት ወጣቶች ቢጋሩት የመብራቱን፣ የውኃውንና የጥበቃውን ወጪ ከነእድሳቱ ይሸፍናሉ። በምትኩም ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩን ልጆች ኸጥ ማስተማር ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፤ ነገሩ በቃል ብቻ አይቅር። የአምስት ዓመት ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የኪራዩ መጠንና የሚጨምርበት ጊዜ ከወዲሁ ይታወቅ። የሚችል ደግሞ አንዲት ክፍል እንኳ ቢሆን በሕጋዊ ሰነድ ወቅፍ ያድርግ። ያኔ ባለቤቱ ቢያልፍም ክፍሏ አትሸጥም፤ የወጣቱም እጅ ሥራ አይፈታም።

ስለዚህ ወላጆችና የመስጊድ ኮሚቴ አባላት ሆይ! ቁልፋችሁን አንሱና ያን የተዘጋ ክፍል አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ተመልከቱት። በውስጡ ካለው አሮጌ ዕቃ ይልቅ አንድ የሚማር እጅ ቢቀመጥበት አይሻልምን? አላህ (ሱ.ወ.) ለመልካሙ ሁሉ ይግጠመን። አሚን።