ሰማያዊዋን መስመር ፍለጋ ፍራይበርግ

ከድሬስደን የተነሳው ባቡር አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ፍራይበርግ ያደርሳል። ብዙው ሰው የሚመጣው ካቴድራሉን ሊያይና ዚልበርማን የሠራውን ኦርጋን ሊሰማ ነው። እኔን ያመጣችኝ ግን አንዲት የብርሃን መስመር ናት፤ ፍቅር ቢሉት አልቃወምም።

እ.ኤ.አ. በ1168 ግድም ብር ከተገኘባት ወዲህ የከተማዋ ምድር እንደ ኩይሳ ተቦርቡሯል። በ1765 የተመሠረተው የማዕድን አካዳሚዋ እነ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትን አስተምሯል፤ ዛሬም የራሱ ማስተማሪያ ጉድጓድ አለው። 150 ሜትር ወደ ታች ወርጄ ግድግዳውን በራስ ቁሬ መብራት ዳሰስኩት። ብልጭ ይላል፤ ምን ያህል ዚንክ፣ ምን ያህል ብር እንዳዘለ ግን ለዓይን አይናገርም።

በ1863 የአካዳሚው ፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ራይኽ የዚህን አካባቢ የዚንክ ማዕድን የመረመሩት ታሊየም የተባለውን ብረት ፍለጋ ነበር። ንጥረ ነገር ሁሉ በእሳት ሲግል የራሱን የቀለም መስመሮች እንደሚያበራ ሳይንቲስቶቹ ቡንሰንና ኪርሆፍ ሃይደልበርግ ላይ ካሳዩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው፤ የታሊየም መስመር አረንጓዴ መሆኗም ታውቋል። ችግሩ ራይኽ ቀለም አይለዩም! ረዳታቸውን ቴዎዶር ሪሽተርን ጠርተው እይልኝ አሉት። አየ፤ አረንጓዴ የለም፤ በቦታው ማንም የማያውቃት ደማቅ ሰማያዊ መስመር ቁጭ ብላለች። ኢንዲየም የተባለው ብረት የተገኘው እንዲህ ነው። እኚሁ ራይኽ ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብለው እዚሁ አካባቢ ባለ ሌላ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ኳስ 158 ሜትር ቁልቁል እየለቀቁ፣ 28 ሚሊሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ማፈንገጡን ለክተው የመሬትን መዞር ያሳዩ ሰው ናቸው። ለአንዲት መስመር ዓይን መዋሳቸው ይበልጥ እንድወዳቸው አደረገኝ። ሪሽተር በኋላ ግኝቱን የራሱ ብቻ ማድረጉን ግን አልወደድኩለትም።

አካዳሚው ውስጥ አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ የኢንዲየም ጨው በሽቦ ጫፍ ነክራ ነበልባሉ ውስጥ ያዘችልኝ። ብርሃንን ወደ መስመሮች በሚለያየው መሣሪያ፣ በስፔክትሮስኮፑ፣ አጮለቅሁ። መጣች! 451 ናኖሜትር ላይ፣ ቀጥ ያለች፣ ጥርት ያለች።

«ታምራለች» አለችኝ ተማሪዋ፤ «ስንት እንዳለ ግን አትነግርህም።»

ስንትነቱን የሚናገረው ሌላ መሣሪያ ነው። የተፈጨው ድንጋይ በአሲድ ይሟሟል፤ ፈሳሹ ጉም ሆኖ ከ6000 ዲግሪ በላይ በጋለ የአርገን ፕላዝማ ውስጥ ይረጫል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ብረት መስመር ድምቀት ይለካና መጠናቸው አስቀድሞ ከታወቀ ናሙናዎች ድምቀት ጋር ያስተያያል። መስመሯ በደመቀች ቁጥር ብረቱ በዝቷል ማለት ነው። ነገሩ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ዚንክ 213.9 ናኖሜትር ላይ ሲያበራ መዳብና ኒኬልም ከጎኑ ተጠግተው ያበራሉ። መዳብ የበዛበትን ድንጋይ ዝም ብሎ የለካ፣ የመዳቡን ብርሃን ለዚንክ ይቆጥራል። ስለዚህ ባለሙያው 206.2 ላይ ያለችውን የዚንክ መስመር ሊመርጥ ይችላል። ብርሃንም ጎረቤት እንዳለው እዚህ ገባኝ።

ወዲያው ተማሪዋ ሽጉጥ የመሰለ የኤክስሬይ መለኪያ አነሳችና አንድ ድንጋይ ላይ ደገነችው። ከአፍታ በኋላ ቁጥሮቹ ተደረደሩ፤ አሲድ የለ፣ እሳት የለ። ድንጋዩን ገልብጣ ደግማ ለካች። ቁጥሩ ሌላ።

«የቱ ነው ትክክሉ?»

«ሁለቱም። መለኪያው የሚያየው ቆዳውን ነው፤ የድንጋዩ አንዱ ጎን ከሌላው ጋር አንድ አይደለም።»

ወደ አሲዱ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ግራም አይበልጥም አለችኝ። ያቺ ቁንጣሪ ስለ ጭነት መኪና ሙሉ ድንጋይ እንድትመሰክር ከተፈለገ ሁሉም መድቀቅ፣ መላም፣ መደባለቅ፣ ደጋግሞ መከፈል አለበት፤ እዚያ የተዛባውን ፕላዝማ አያቃናውም።

ያን ጊዜ ስፔክትሮስኮፑን አስቀመጥኩና ወፍጮ ቤቱን እንድታሳየኝ ለመንኳት።