ኢንተርኔት የማይገባበት ክፍል

በእስራኤል አዲስ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ማማድን ያውቀዋል። ግድግዳው ወፍራም ቤቶን፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱም በብረት መዝጊያ የሚጠረቀም፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ቤተሰብ የሚሸሸግበት ክፍል ነው። በሰላሙ ቀን እንደ ማንኛውም መኝታ ቤት ያገለግላል። የካርሜ ጋት ቤታችንን ቁልፍ የተረከብን ዕለት ታላቁ ልጄ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ቦርሳውን የጣለው እዚያ ነበር። «ይኼ የኔ ነው» አለ፤ ማንም አልተከራከረውም። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አያስገባም፣ አያስወጣም። ለጎረምሳ ልጅ ከዚህ የተሻለ ክፍል ከየት ይገኛል? አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ ቤቶኑ ስለሚያፍነው ኢንተርኔት አይገባበትም። ያ ጉድለት በ2020 ዓ.ም. ለእኔ ምን እንዳደረገልኝ ነው ዛሬ የምጽፈው። ዓመቶቹን እዚህ እንደምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ካርሜ ጋት ማለት የጋት የወይን ቦታዎች ማለት ነው። ቂርያት ጋት ራሷ በ1955 የተቆረቆረች፣ ከሞሮኮ፣ በኋላም ከሶቪየት ኅብረትና ከእኛም አገር ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ያደገች ከተማ ናት። ካርሜ ጋት ግን በሰሜኗ በኩል ገና እየበቀለ ያለ ሰፈር ነበር። ያኔ ዛፎቹ ከሰው ቁመት አይበልጡም፣ ንፋስ እንዳይጥላቸው ከእንጨት ጋር ታስረው የቆሙ ናቸው። በረንዳ ላይ ስትወጣ የምታየው ክሬን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ እርሻ። ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። ብዙዎቻችን ከአሮጌዎቹ ሰፈሮች የማሽካንታ፣ የቤት ብድር ማለት ነው፣ ዕዳ ተሸክመን የወጣን ወጣት ቤተሰቦች ነን።

ማርች 12፣ ሐሙስ ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንደሚዘጉ ተናገሩ። ፑሪም ካለፈ ሁለት ቀኑ ነበርና የትንሹ ልጄ የበዓል ልብስ እንኳ ገና አልታጠበም። እስከ ፋሲካ ማግስት ነው ተባለ። በማርች 25 ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ከ100 ሜትር በላይ መራቅ ተከለከለ። እኔ በዚያው ሰሞን ሐላት ወጣሁ፤ ያለ ደመወዝ ዕረፍት ማለት ነው። በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ በተመዘገበበት ወቅት ስለሆነ ብቻዬን አልነበርሁም። ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ የእርሱ ሥራ አልቆመም። ግንባታውም አልቆመም። ልጆቼ መስኮት ላይ ተደርድረው ክሬኑ ሲዞር ያያሉ፣ እነሱ ግን መውጣት አይችሉም። ትንሹ፣ ሰባት ዓመቱ፣ «ክሬኑ ለምንድን ነው የተፈቀደለት?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ትምህርቱ በዙም ሆነ። በቤታችን አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ስልክ ነበር፤ ተማሪው ሦስት። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ሰዓቱን በወረቀት አስምራ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ማን በስንት ሰዓት ኮምፒውተሩን እንደሚይዝ፣ ማን በእኔ ስልክ እንደሚገባ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጨዋለሁ። ለትንሹ ልጅ ግን የዙሙ ትምህርት ይህን ያህል ጠቀመው አልልም። አንደኛ ክፍል ነው፤ የዕብራይስጥ ፊደሉን ገና መጨረሱ ነው። ሠላሳ ሕፃን በአንድ ስክሪን ላይ ይጮኻል፣ አስተማሪዋ «ዝም በሉ፣ ማይክሮፎን አጥፉ» ስትል ሰዓቱ ያልቃል። ንባብ የተማረው ከእናቴ ጋር በስልክ ነው።

እናቴ በአሮጌው ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ልጄ ይደውልላትና መጽሐፉን ያነብላታል። የሚያነበው ሁሉ አይገባትም። ግን ሲደናቀፍ ታውቃለች። «ቆይ፣ እዚያ ላይ ተንገዳገድህ፤ ከላይ ጀምር» ትለዋለች። ትክክል ነበረች፤ ሁልጊዜ። አንድ ቀን እንዴት እንደምታውቅ ብጠይቃት፣ «ቄሱ ኦሪት ሲያነቡ ስሰማ አይደል ያደግሁት? የተሰበረ ንባብ በጆሮ ይታወቃል» አለችኝ።

ምግብ የምናደርስላት እኛ ነን። ዕቃውን ደጃፏ ላይ አስቀምጠን፣ ደወል ደውለን፣ ወደ ኋላ እንርቃለን። መጀመሪያ ቀን እኔ አልቅሻለሁ። እርሷ ግን ከበሩ ወጥታ ከረጢቱን አነሳችና፣ «ምን ያስለቅስሻል፣ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው?» አለች። ልጆቼ አልገባቸውም። ያን ዕለት ማታ በስልክ ነገረቻቸው። በአገር ቤት ቤተ እስራኤል ከሌላው ሰው ጋር ሲነካካ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም፤ ጎረቤቱም በዚህ «አትንኩኝ» እያለ ያማው ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ በወር አበባዋ ጊዜ የመርገም ጎጆ ትገባለች። ስትወልድ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ተለይታ ትቆያለች። ጎጆው በድንጋይ ክብ ይታጠራል፤ ምግቡ ከድንጋዩ በላይ ይቀመጥላታል እንጂ ሰው አይነካትም። «አንቺን ወልጄ 80 ቀን ተቀምጫለሁ» አለችኝ። «እህቴ ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ቁጭ ብላ ወሬ ትነግረኛለች። ወሬ ካለ ሰው አይሞትም።» ከዚያ ወዲያ ትንሹ ልጄ በደጃፏ መተላለፊያ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ፤ ድንጋዩ መሆኑ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ቆሞ ወሬ ይነግራታል።

ወደ ታላቁ ልጄ ልመለስ። ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ከመዘጋቱ በፊት የማየው ጠዋት ሲወጣ ጀርባውን፣ ማታ ሲገባ የኮፍያ ጃኬቱን ነው። «ምን ዋልህ?» ስለው «ደህና» ይለኛል፣ የብረቱ በር ይዘጋል። አሁን ግን ዙም መግባት አለበት፤ ማማድ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ወደ መስኮቱ እያስጠጋ፣ በሩ ሥር እየተኛ ሞከረ። በአራተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጥቶ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያች ወንበር ለብዙ ወራት አልተነሳም።

ካሜራውን አይከፍትም። በስክሪኑ ላይ የእርሱ ስም በጥቁር አራት ማዕዘን ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የክፍሉ ልጆች ግማሾቹ እንዲሁ ናቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተደውሎ፣ ልጅሽ መኖሩን አናውቅም፣ ካሜራ ይክፈት አሉኝ። ተቆጣሁት። ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ኢማ፣ ከኋላዬ ምን እንዳለ እዪ» አለኝ። ዞሬ አየሁ። ምጣዱ፣ የእንጀራው ሞሶብ፣ በፌስታል የተንጠለጠለው በርበሬ፣ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ። ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ የእናቴን ሽሮ ሽታ ከልብሴ ላይ አራግፍ ነበርና። አልመለስሁለትም። ወንበሩን ብቻ አንስቼ፣ ጀርባው ወደ ነጩ ግድግዳ እንዲሆን አዙሬ አስቀመጥሁለት። ትክክል ማድረጌን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት «የምታፍርበት ምን አለ?» ማለት ነበረብኝ። ግን ያን ጊዜ የፈለግሁት እንዲኖር ነው፤ እዚያው እንዲቀመጥ።

ጎረምሳ በቤት እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ስለ ትሕትና አይደለም። አይቼ አላውቅም። በ1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የካራቫን ሰፈር ገባን። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላክሁ። ያን ዘመን የመጣን የኢትዮጵያ ልጆች አብዛኞቻችን ዕጣችን ይኸው ነበር፤ አሊያት ሃኖአር በሚባለው ሥር ወዳሉት አዳሪዎች። ለልጆቹ ይሻላል ተባለ፤ ወላጆቻችንም አመኑ። እናቴ ወረቀቱን በአውራ ጣቷ አትማ ፈረመች። ቤት የምመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለሰንበት ነው። እናቴ ልብሴን ታጥባለች፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢት ትቋጥርልኛለች፣ እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነኝ። በመካከሉ የምንገናኘው በቴሌካርት ስልክ ነው፤ ሰልፉ ረጅም፣ ካርዱ አጭር። አማርኛዬ እየሳሳ ሄደ፤ የምነግራትም ነገር እንዲሁ። ስመለስ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ልጄ ይህን አያውቅም ነበር። የነገርሁት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በሁለተኛው ሰገር፣ በሁለተኛው መዘጋት ማለት ነው፣ ወቅት ነው። ሁለተኛው በሴፕቴምበር 18፣ በአይሁድ አዲስ ዓመት ዋዜማ ጀመረ። ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደው እርሱ ነው፤ በመጀመሪያው ፍርሃቱ ራሱ ያዘን፣ በሁለተኛው ግን ተስፋ ቆርጠን ነው የገባነው። ሌሊትና ቀን ተቀላቅሎበት ልጄ ማታ ማታ አይተኛም። እኔም ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ሲሆን እንቅልፍ የለኝም። ሊጥ ሳቦካ መጥቶ ተቀመጠና፣ «ኢማ፣ አንቺ በኔ ዕድሜ ማታ ማታ ምን ታደርጊ ነበር?» አለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን እንደምንተኛ ነገርሁት። ማልቀስ ስፈልግ ወደ ሻወር እንደምሄድ፣ ውኃው ድምፅ ስላለው። ብዙ አልተናገረም። ተነስቶ እጁን ታጠበና ሊጡን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ሌሊት በኋላ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። ሁልጊዜ አናወራም። አንዳንዴ እርሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ ምስሬን እለቅማለሁ።

በኖቬምበር 16 የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ ሲግድ ዋለ። በደህናው ዘመን በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃነጺቭ ይወጣል። ያን ዓመት እዚያ የቆሙት ጥቂት ቄሶች ናቸው፤ ሌላው በየቤቱ በስክሪን አየ። ሰገሩ ላላ ብሎ ስለነበር እናቴን ቤታችን አመጣናት፣ በረንዳው ላይ መስኮት ከፍተን አስቀመጥናት። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ያዘጋጀላት ታላቁ ልጄ ነው። ቄሶቹ ጃንጥላ ይዘው ሲታዩ ተነስታ ወደ ኢየሩሳሌም ዞራ ሰገደች፤ በክሬኖቹ በኩል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ልጁን ለረጅም ጊዜ እያየችው ቆየችና ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ጢሙ እየወጣ ነው፤ አይተሻል?» አለች። አይቻለሁ አልኋት። «እኔ አንቺን አሥራ አምስት ዓመት ሲሆንሽ አላየሁሽም። በአሥራ ሦስት ሰጠሁ፣ በአሥራ ስምንት ተቀበልሁ። መካከሉ የት እንደገባ እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።»

ያን ጊዜ ናፍቆኛል ስል ሰው ይገረምብኛል፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ። እስከ 2021 ጸደይ ድረስ በእስራኤል ከ6,000 በላይ ሰው በዚያ በሽታ ሞቷል። ለቅሶ የመቶዎች በሆነበት በእኛ ሕዝብ፣ ቀብር በሃያ ሰው የተደረገበት ጊዜ ነበር። ጎንደር ያሉት ዘመዶቻችንም ትምህርት ቤታቸው በማርች 16 ተዘግቶ፣ ስክሪን የሌላቸው ልጆች ወራቱን እንዲሁ አሳልፈውታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጄ ከዘጠነኛ ወደ አሥረኛ ክፍል ሲሻገር፣ ድምፁ ሲጎረንን፣ ቁመቱ ከቁመቴ ሲያልፍ፣ በየቀኑ፣ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ማዶ አይቻለሁ። እናቴ አላገኘችውም። እኔም በሌላ ዓመት ቢሆን አላገኘውም ነበር።

በማርች 2021 የልጄ ክፍል ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ። በሜይ ሮኬት ተተኮሰና ማማዱ ወደ ተሠራለት ሥራ ገባ፤ አምስታችን በታላቁ ልጄ አልጋ ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። በ2023 ልጄ ወታደር ሆነ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የሆነው ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በኒር ኦዝ ኪቡትስ ከዚያ ጥቃት የተረፉት ቤተሰቦች ወደ ካርሜ ጋት ሕንፃዎች ሲገቡ፣ ገና ያልተዋወቀው ሰፈራችን ከእነርሱ ጋር አሳንሰር ውስጥ ዝም ማለትን ተማረ። ዛፎቹ አድገዋል። ክሬኖቹ ወደ ሌላ ጎን ተሻግረዋል።

ባለፈው ዓርብ ልጄ ለሰንበት መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ማማድ ገብቶ፣ የብረቱን በር ዘግቶ እስከ ማታ ተኛ። ባለቤቴ ለዚያ ክፍል የኢንተርኔት ማጠናከሪያ እንግዛለት ይለኛል፤ ርካሽ ነው፣ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካ። አይሆንም ብያለሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ ስልኩን ይዞ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጣ። ወንበሩን ከነጩ ግድግዳ ወዲህ ሳበና ተቀመጠ።